በአሮጌ መኪና ሞተር ላይ ያሉት የጢስ መቀነሻ ቫልቮች፤ የትኛው የምን እንደ ሆነ

መቸም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሞተር ሲጽፍ አንባቢው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የምሕንድስና ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም «ደግሞ እነዚህን ምን አገባቸው!» ማለታቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ባለፈው የክረምት ዕረፍት እኛ ሦስት ጓደኛሞች፣ ሦስታችንም የግጥም ቤት ከመቁጠር በቀር መፍቻ ይዘን የማናውቅ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንዲት መኪና ኮፈን ሥር ተጐንብሰን ሰነበትን። ያየነውን መጻፋችን አሮጌ መኪና በቤቱ ላለ፣ መኪናው ጋራዥ በገባ ቁጥርም የቤተሰቡ ወጪ ለሚናጋበት ተማሪ ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው። ስሕተት ካለበት የሚያርመን አይጠፋም።

መኪናዋ የአንዱ ጓደኛችን አጎት ናት። የ1984 ሞዴል ላንድ ክሩዘር ስትሆን (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) የሥሪቷ መለያ ኤፍ.ጄ. 60 ይባላል። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ በቤንዚን የሚሠራ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ናት። እዚያ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ይዟት መጣ፤ አጎትየውም ከእርሱ ገዟት። እኒህ ሰው የሚተዳደሩት በእርሷ ነው። ሰውና ዕቃ ጭነው ወደ አዋሽ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሰመራ ድረስ ይመላለሳሉ።

ሕመሟ ሁለት ዓይነት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ጢስ ትተፋለች፤ እንጦጦን ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ቤንዚኑንም እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። ወደ አዋሽ ስትወርድ ደግሞ ጢሱ ይቀንስና፣ ጭነት ይዛ ዳገት ስትገፋ ሞተሩ ጠጠር እንደ ገባበት ጣሳ ያንኳኳል። አንድ ጋራዥ «ይህ ሁሉ ቱቦ የአሜሪካን ሕግ ለማክበር የተደረገ ነው፤ ለእኛ አገር ምን ያደርጋል?» ብሎ ቱቦዎቹን እየነቀለ በብሎንና በምስማር ደፈናቸው። ከዚያ በኋላ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ሌላው ጋራዥ ደግሞ ሞተሩን አውጥቶ የናፍጣ ሞተር መግጠም ነው መፍትሔው አለ። የጠየቀውም ገንዘብ አጎትየው ለልጃቸው ለትምህርቷ ብለው ያስቀመጡት ገንዘብ ነበር።

እኛ የገባነው በዚህ መካከል ነው። ጓደኛችን «ጋሼ፣ ሞተሩን ከማስወጣትዎ በፊት የትኛው ቱቦ ወዴት እንደሚሄድ እንይልዎት» አለ። እርሳቸውም ሳቅ ብለው «እሺ ልጆቼ፤ ከዚህ የባሰ እንደማታበላሿት ተስፋ አለኝ» አሉን።

የእነዚህን ቫልቮች ጠባይ ለማወቅ የተወለዱበትን አገር ማወቅ ይገባል። በሐምሌ ወር 1943 በሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጉም ወረደ። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበርና የጃፓን የመርዝ ጋዝ የመሰለው ሰው አልጠፋም። ከዚያም ዓመታት ሙሉ ሕዝቡ ፋብሪካውንና የቆሻሻ ማቃጠያውን ሲከስ ቆየ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምሩ የነበሩት፣ በትውልድ ሆላንዳዊ የሆኑት የኬሚስትሪ ሊቅ አሪ ሃገን ስሚት ዋናውን ጥፋተኛ አገኙት። ያልነደደ የቤንዚን ትነትና የናይትሮጂን ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ሲበስሉ ያን የሚያቃጥል ጉም እንደሚሠሩ አሳዩ። ሁለቱም ደግሞ በብዛት የሚወጡት እያንዳንዱ ሰው በኩራት ከሚነዳው አውቶሞቢል ነበር። የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማን ቶሎ ይቀበላል?

የመጀመሪያዪቱ ቫልቭ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚሸጡ የ1961 ሞዴል መኪናዎች ላይ ተገጠመች፤ በ1963 በመላው አሜሪካ ተዳረሰች። በ1970 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የአየር ንጽሕና ሕግ ደግሞ ፋብሪካዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጢሳቸው ክፉውን ክፍል በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። መሐንዲሶቹ ተጨነቁ። ሞተርን በየቅጽበቱ እየለካ የሚያዝዝ ኮምፒዩተር ያን ጊዜ ገና በመኪና ውስጥ የሚገባ ዕቃ አልነበረም። በእጃቸው የነበረው ነፃ ኃይል አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ራሱ አየር ሲስብ የሚፈጥረው የመምጠጥ ኃይል ነው። ስለዚህ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የአሜሪካ ወይም የጃፓን መኪና ኮፈኑ ሲከፈት የሸረሪት ድር የሚመስል የቀጫጭን ቱቦ ጥልፍልፍ ይታይበታል። ያ ጥልፍልፍ በጎማና በአየር የተሠራ ኮምፒዩተር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

እነዚህ ቫልቮች በአሜሪካም ቢሆን ስማቸው የከፋ ነበር። የዚያ ዘመን መኪናዎች ጠዋት ሲያስነሷቸው ያስላሉ፤ ጉልበታቸውም ከቀደሙት ያነሰ ነው። እርግጥ ጉልበቱ የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ከ1971 ጀምሮ ፋብሪካዎች ሞተሩ እርሳስ ባልተጨመረበት ቤንዚን እንዲሠራ ብለው እምቅታውን ዝቅ በማድረጋቸው ነው። ነገር ግን የሚታየው ቱቦው ስለ ሆነ የተረገመውም ቱቦው ሆነ። ስንቱ አሜሪካዊ በገዛ ግቢው ቱቦውን እየነቀለ ጥሏል! እንግዲህ የእኛ ጋራዥ ያደረገው ነገር አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ቫኪዩም ማለት ምን ማለት ነው? የስሪንጋን አፍ በጣት ደፍነን ዱላዋን ወደ ኋላ ብንስብ ጣታችንን ትመጠምጠናለች። ፒስቶንም ወደ ታች ሲወርድ እንዲሁ ያደርጋል። በካርቡራተሩ አንገት ውስጥ የሚዞር ክብ ሳህን መሰል መዝጊያ አለ፤ ክንፍ ስለሚመስል ቢራቢሮ እንበለው። እግራችን ከቤንዚን መስጫው ሲነሣ ቢራቢሮው ይዘጋል፤ ፒስቶኖቹ ግን መሳባቸውን አይተዉም። ስለዚህ ከቢራቢሮው በታች ያለው መምጠጥ ኃይለኛ ይሆናል። መስጫውን እስከ ወለሉ ስንረግጠው ቢራቢሮው ወለል ብሎ ይከፈትና መምጠጡ ይጠፋል። ከዚህ የተነሣ መምጠጡን የለካ ሰው ሹፌሩ ምን እያደረገ እንደ ሆነ ሳያየው ያውቃል። ሞተሩ በሚኒሞ ቆሟል? ዳገት እየገፋ ነው? ቁልቁለት እየወረደ ነው? ቫልቮቹ ይህን ሁሉ የሚያውቁት በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ካልተያዘ ቀሪው ሁሉ ይምታታል። ቱቦ ከሁለት ስፍራ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው ከቢራቢሮው በታች ሲሆን እዚያ በሚኒሞ መምጠጡ ከፍተኛ ነው። ሁለተኛው ግን ቢራቢሮው ሲዘጋ ከጠርዙ ጥቂት ከፍ ብሎ ከምትገኝ ጠባብ ቀዳዳ ነው። በዚያች ቀዳዳ በሚኒሞ ምንም መምጠጥ የለም፤ መስጫው ትንሽ ሲረገጥ፣ ጠርዙ ቀዳዳዋን ሲያልፍ፣ ድንገት መምጠጥ ይመጣባታል። እኛ ይህን ከመረዳታችን በፊት አንዱን ቱቦ በጣታችን ሞክረን «ይህ የሞተ ነው» ብለን ምልክት አድርገንበት ነበር። ሞተሩ ከፍ ሲል ጣታችንን ሳበው። እንዲህ ያለ ቱቦ ለእሳት ማስቀደሚያውና ለኢ.ጂ.አር. የሚሄድ ነው፤ ሁለቱም በሚኒሞ ሥራ እንዲፈቱ ይፈለጋልና።

መለየቱን ከየት እንጀምር? ከሁሉ በፊት ከኮፈኑ ውስጠኛ ክፍል የተለጠፈውን ወረቀት መፈለግ ነው። ለአሜሪካ በተሠሩ የዚያ ዘመን መኪናዎች ላይ የቱቦዎቹን መንገድ የሚያሳይ ሥዕል ይለጠፍ ነበር። የእኛይቱ ግማሹ ተልጦ ሄዷል፤ የቀረውን በደብተር ገለበጥነው። በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ የአጎትየው ጎረቤት፣ መጥተው ቆመው አዩንና «ልጆቼ፣ ቱቦ ከመንቀላችሁ በፊት ነጭ ፕላስተር ለጥፉበትና ቁጥር ጻፉበት፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ!» አሉን። ይህች ምክር ብቻዋን የሁለት ሳምንቱ ዋጋ ነበረች። ካልተነቀሉት ሃያ ሦስት ቱቦዎች አንዱም አልጠፋብንም። ከእኛ በፊት የተነቀሉት ናቸው ያስቸገሩን።

በጣም ቀላሏ ያቺ የ1961 ቫልቭ ናት፤ ፒ.ሲ.ቪ. ይሏታል። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ውጭ መልቀቅ ትታ መልሳ ወደ ሲሊንደሩ የምታስገባ ናት። ድሮ ይህ ጋዝ በአንድ ቧንቧ ወደ መንገዱ ይለቀቅ ነበር፤ አንድ መኪና ከሚያወጣው ያልነደደ የቤንዚን ትነት አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው በዚያ በኩል ይሄድ ነበር። የምትታወቀው ከሌሎቹ ሁሉ ወፈር ባለው ቱቦዋ ነው። አንዱ ጫፏ ከሞተሩ ሆድ ጋር፣ ሌላው ከማኒፎልዱ ጋር ይገናኛል። አውጥተው ሲያናውጧት ካንኳኳች በሕይወት አለች፤ ዝም ካለች በዘይት ዝቃጭ ታስራለች፤ በቤንዚን ትታጠብ። የእኛይቱ አንኳኳች።

ኢ.ጂ.አር. የምትባለው ዋናዋ ናት። ጠፍጣፋ ክዳን ያላት፣ እንጉዳይ የምትመስል የብረት ቫልቭ ስትሆን በሁለት ብሎን ከማኒፎልዱ አካባቢ ተጠብቃለች። በአናቷ አንዲት ቀጭን ቱቦ ብቻ ትገባለች። ፕላስቲክ ያልሆነችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሆዷ የሚያልፈው ትኩስ ጢስ ነው። ሥራዋ ከተቃጠለው ጢስ ጥቂት ወስዳ ወደ ሲሊንደሩ መመለስ ነው። የነደደ ጢስ ዳግመኛ አይነድም፤ ነገር ግን ቦታ ይይዛል፣ ሙቀትም ይጋራል። የናይትሮጂን ኦክሳይድ በብዛት የሚፈጠረው በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ1,370 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነውና፣ ይህ ጢስ እሳቱን ያበርደዋል። እሳቱን ማብረዱ ደግሞ ማንኳኳትንም ይከለክላል። መካኒኩ «የአሜሪካን ሕግ» ያለውን ነገር ሲደፍን ይህን ሁለተኛውን ጥቅም አብሮ መድፈኑን አላሰበም።

ፈተናዋ እንዲህ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ቱቦዋን ነቅሎ በንጹሕ ቱቦ በኩል በአፍ መሳብ። በውስጧ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ጎማ አለ፤ ሲሳብ ቫልቭዋ ትከፈታለች፤ ጢሱም ይገባና ሞተሩ ይንገዳገዳል ወይም ይጠፋል። ከተንገዳገደ ደኅና ናት። ምላሳችንን በቱቦው ጫፍ ላይ ስናስቀምጥ መምጠጡን ካልያዘች ጎማዋ ተቀዷል። ጎማዋ ይዞ ሞተሩ ግን ምንም ካልተሰማው መንገዱ በጥላሸት ተደፍኗል። የእኛይቱ ሦስተኛዋ ዓይነት ሆና ተገኘች። ፈትተን ያወጣነው ጥላሸት የሻይ ብርጭቆ ይሞላል። ይህን ፈተና በተዘጋ ቤት ውስጥ ማድረግ አይገባም፤ የጢሱ መርዝ ሽታ የለውም። ወደ ቤንዚን ማጠራቀሚያ የሚሄድ ቱቦ ደግሞ በአፍ አይሳብም፤ አንዳችን ስቦ እስከ ማታ ቤንዚን ቤንዚን ሲለው ነበር።

ከኢ.ጂ.አር. አጠገብ ደግሞ ሰማይዋ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነች፣ የእጅ መዳፍ የማትሞላ ክብ የፕላስቲክ ዕቃ ተቀምጣለች፤ ሞዱሌተር ነው ስሟ። ክዳኗ ሲከፈት ውስጧ ማጣሪያ አለ። በጐኗ «ፒ»፣ «ኪው»ና «አር» የሚሉ ፊደላት የተጻፉባቸው አፎች አሏት፤ ከሥሯም ከጢሱ ግፊት የሚመጣ ቱቦ ይገባል። ሥራዋ የዳኛ ሥራ ነው። ሞተሩ ሥራ ሲበዛበት የጢሱ ግፊት ከታች ይገፋታል፤ ያን ጊዜ ማጣሪያዋን ዘግታ መምጠጡን ወደ ኢ.ጂ.አር. ታሳልፋለች። ሥራ ሲቀንስ ትከፍትና አየር ታስገባለች፤ መምጠጡም ይሞታል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ «ፒ»ንና «አር»ን በጣት ይዞ በ«ኪው» መንፋት ነው፤ ትንፋሹ በማጣሪያው በኩል በቀላሉ መውጣት አለበት። ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,000 ዙር ሲደርስ ደግሞ ያው ትንፋሽ ብርቱ ተቃውሞ ሊያጋጥመው ይገባል።

ከውሃ ማለፊያው ላይ በጥርስ የተጠመዘዘ፣ ሥሩ ናስ አናቱ ፕላስቲክ የሆነ፣ ሁለት ቀጫጭን አፍ ያለው ዕቃ ካያችሁ እርሱ የሙቀት በረኛ ነው። ቶዮታ ቢ.ቪ.ኤስ.ቪ. ይለዋል፤ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ሌላ ሌላ ስም ሰጥተውታል። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ይዘጋል፤ ሲሞቅ ይከፍታል። የተገላቢጦሹን የሚሠራም አለ፤ ስለዚህ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አንድ ጊዜ ነፍቶ ማወዳደር ያስፈልጋል። ሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ሞቷል። የዚህ ዕቃ ክፋቱ ፕላስቲኩ በአርባ ዓመት ሙቀት እንደ ብስኩት መሆኑ ነው። ቱቦውን ስንስብ አንዱ አፉ ተቀንጥሶ በቱቦው ውስጥ ቀረ። ማን እንደ ሳበው እዚህ አንጽፍም።

የቀሩትን በፍጥነት እንለፋቸው። በቱቦ መካከል የተሰካ፣ የካፖርት ቁልፍ የሚመስል፣ ሁለቱ ፊቶቹ በቀለም የተለያዩ ዕቃ ማዘግያ ነው፤ በአንድ በኩል ሲነፋ ያሳልፋል፣ በሌላው በኩል ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። ከተገላበጠ ሥራው ይገለበጣልና ፊቱን መመዝገብ ነው። በአንድ በኩል አሳልፎ በሌላው ጨርሶ የሚከለክለው ደግሞ የአንድ አቅጣጫ በር ነው። ሽቦ የገባበት ቫልቭ ሁሉ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ነው። ጥቁር ጣሳ የሚያህል፣ ሲያሸቱት ቤንዚን ቤንዚን የሚለው፣ በውስጡ ከሰል የታጨቀ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ከማጠራቀሚያው የሚተነውን ቤንዚን ይዞ ያቆይና ሞተሩ ሲሠራ መልሶ ያስመጥጠዋል። በችንጋ የሚዞር ከዴናሞው የተለየ ሌላ ዕቃ ካለ የአየር ፓምፕ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ወደ ጢሱ መውጫ ንጹሕ አየር እየነፋ የቀረውን ትነት እዚያው ያስነድዳል።

አሁን ሁሉን ነገር ወደ ገለጠልን ወደ መጨረሻው እንምጣ። በተገለበጠው ሥዕላችን ላይ ኤች.ኤ.ሲ. የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ትርጕሙን አጥተን ዘለልነው። ለካ «የከፍታ ማካካሻ» ማለት ኖሯል! በሥሩ የአየር ማጣሪያ ያለው፣ በአናቱ ቱቦዎች የሚገቡበት ዕቃ ነው። በውስጡ በአየር ግፊት የሚነፋና የሚሟሽሽ አንዲት ትንሽ ኪስ አለች። መኪናዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር ገደማ ስታልፍ ቫልቩ ይከፈታል፤ ወደ 800 ሜትር ስትወርድ ይዘጋል። ሲከፈት ሁለት ነገር ያደርጋል። ለካርቡራተሩ ተጨማሪ አየር ይሰጠዋል፤ እሳቱም ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲጫር ያደርጋል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። ጃፓኖቹ ይህን ያሰቡት በአሜሪካ ተራራማ አገሮች ለሚኖሩ ሰዎች ነው። እኛ ግን የምንኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 760 ሚሊ ሜትር የሜርኩሪ ሲሆን በአዲስ አበባ ወደ 570 ይወርዳል፤ አየራችን በሩብ ያህል የሳሳ ነው ማለት ነው። ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንሰውም። ስለዚህ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጥቁሩ ጢስም ይኸው ነው። የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚነድ እሳቱ ቀደም ብሎ ካልተጫረለት ጉልበቱ ይባክናል። እንጦጦ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ለዚህ ነው። ከመላው ዓለም ይህ ቫልቭ ከሚያስፈልጋቸው ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ናት፤ የእኛ ጋራዥ ግን ቱቦዎቹን ሁለቱንም በብሎን ደፍኗቸው አገኘናቸው።

(የቫኪዩም መለኪያ ያለው አንባቢ ይህን ይያዝ፤ የውጭ መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ430 እስከ 530 ሚሊ ሜትር ያሳያል ይላሉ። ያ ለባሕር ወለል ነው። እዚህ ወደ 190 ያህል መቀነስ አለበት። መርፌው 300 ላይ ስለ ቆመ ብቻ ሞተሩ ታሟል ተብሎ የተፈታ ስንት መኪና ይኖር ይሆን?)

የአዋሹ ማንኳኳትስ? ሽማግሌው መካኒክ ብልጭ ድርግም የሚለውን የእሳት መለኪያ መብራታቸውን ይዘው መጡ። በዚህ ሞተር በኋላ ባለው ፍላይዊል ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ተቀብራለች፤ በሚኒሞ መብራቱ ሲበራባት በመስኮቷ ከቀስቱ ትክክል መቆም አለባት፤ ይህም 7 ዲግሪ ነው። ኳሷ በመስኮቱ ውስጥ ጨርሳ አልታየችም። አንድ ሰው ጉልበት ይጨምርላታል ብሎ ዲስትሪቢዩተሩን በእጁ አዙሮ እሳቱን እጅግ አስቀድሞታል። ነገሩ ያን ጊዜ ተያያዘልን። የከፍታው ቫልቭ ስለ ተደፈነ መኪናዋ አዲስ አበባ ላይ ደከመች፤ ስለ ደከመች ዲስትሪቢዩተሩ ተዞረ፤ ስለ ተዞረም ወደ ቆላ ስትወርድ፣ አየሩ ሲወፍርና ሙቀቱ ሲበረታ፣ እሳቱ ያለ ጊዜው ሆነ። እሳቱን የምታበርደው ኢ.ጂ.አር. ደግሞ ተደፍናለች። እናም ሞተሩ አንኳኳ። ቫልቩ ቢኖር ኖሮ በደጋ ያስቀድም፣ በቆላ ይመልስ ነበር፤ የሰው እጅ ግን አንድ ጊዜ ካዞረ በኋላ አብሮ ተራራ አይወርድም። ሽማግሌው «እኔም ስንቱን እንዲህ አዙሬያለሁ» ብለው ዝም አሉ።

የከፍታውን ቫልቭ ቱቦዎች ከፈትናቸው፤ በአናቱ ነፋንበትና ትንፋሹ በሥሩ ማጣሪያ ወጣ፤ ይሠራል ማለት ነው። ሽማግሌው ኳሷን ወደ ቀስቷ መለሱ። ኢ.ጂ.አር. ታጥባ ተመለሰች። የጠነከሩት ቱቦዎች ተለወጡ፤ ቀጭን የጎማ ቱቦ በሜትር ስለሚሸጥ ወጪው ብዙ አልነበረም። ጥቁሩ ጢስ የዚያኑ ዕለት ተወ። አጎትየውም በሳምንቱ አዋሽ ደርሰው ሲመለሱ፣ ሁልጊዜ መቅዳት ግድ ይሆንባቸው የነበረውን አዳማን አልፈው ቢሾፍቱ መድረሳቸውን በስልክ ነገሩን። የናፍጣው ሞተር ነገር እስካሁን አልተነሣም።

የተሰበረው የሙቀት በረኛ ግን አልተገኘም። ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር ዞርን፤ አንድ ነጋዴ ሙሉውን ሞተር ሊሸጥልን ፈቀደ እንጂ ያችን ብቻ የያዘ አልነበረም። በ2024 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉት አሮጌዎች ዕድሜያቸው እንዲረዝም ይፈለጋልና እንዲህ ያለችው ትንሽ ዕቃ ከሞተሩ ይልቅ ሳትወደድ አትቀርም። ለጊዜው ሁለቱን ቱቦዎች በቀጥታ አገናኘናቸው። ከዚህ የተነሣ ኢ.ጂ.አር. ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለም ትከፈታለች፤ መኪናዋም ጠዋት ጠዋት ታስላለች። አጎትየው ጥቂት አሙቀው እስኪነሡ ድረስ ጎረቤት ይነቃል። በሜሪላንድ የሚኖሩ ዘመዳቸው ለገና ሲመጡ ይዘውላቸው ይመጣሉ ተብሏል።

የገለበጥነውን ሥዕል አጽድተን ከፊት ወንበሩ ትይዩ ባለው ሣጥን ውስጥ ለጥፈንላቸዋል። ከቱቦዎቹ ያወጣናቸው ዘጠኝ ብሎኖች፣ አራት ምስማሮችና አንድ የእርሳስ ቁራጭ በቲማቲም ጣሳ ውስጥ ሆነው እዚያው ጎን ተቀምጠዋል።